የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና የዓመቱ በዓላት፦ በጉልበት የሚከበረውና በመዋጮ የሚከበረው

መነሻ ጽሑፍ

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። ለውይይት ያቀረብሁት ጥያቄ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን በዓላትን ለማክበር ምን ይጠየቃሉ የሚል ነው። በሠፈር የሚያከብሯቸው በዓላት ጉልበትና ድምፅ ይጠይቃሉ። ነሐሴ 13 ለቡሄ ችቦ አብርተው ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ መስከረም 16 ለደመራው እንጨት ለቅመው ያቆማሉ፤ ጥር 10 በከተራ ዕለት ታቦታቱ የሚያልፉበትን መንገድ ጠርገው ምንጣፍ ያነጥፋሉ። በትምህርት ቤት ግቢ የሚከበሩት ግን፣ የገና ዋዜማ የክፍል ፓርቲም ሆነ የባህል ልብስ ቀን ወይም የተመራቂዎች የቀለም ቀን፣ ብር ይጠይቃሉ።

የክፍሌ አለቃ የመዋጮውን ዝርዝር የሚይዘው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል የተሰጠው ብር፣ ባልከፈለው ልጅ ስም ትይዩ ደግሞ ባዶ ቦታ። ያ ደብተር በእረፍት ሰዓት ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዞራል፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የማያይ ልጅ የለም። የፓርቲው ዕለት ስም ስጠራ የሚጎድሉት በአብዛኛው ያ ባዶ ቦታ ከስማቸው ትይዩ የቀረው ልጆች ናቸው። ስለዚህ በየትኛውም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚከበር በዓል ቁርጥ መዋጮ ሊኖረው አይገባም የሚል አቋም ይዤ ጽፌያለሁ። ከዚህ በታች የመጡትን መልሶች፣ የጸሐፊዎቹን ቃል ሳልገለብጥ፣ ሐሳባቸውን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት ናቸው። ጉዳዩ በመነሳቱ አመስግነው፣ የእርሳቸው ቤት ፈተና የኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን እንደሆነ አስረድተዋል። ለዕለቱ የባህል ልብስ ለብሳችሁ ኑ ሲባል ልጃቸው ከጎረቤት ተውሳ ትሄድ ነበር፤ ከፍ ስትል ግን ልብሱ የማን እንደሆነ የሚያውቁ የክፍል ጓደኞቿ ስላሉ መዋሱን እንቢ አለች። የኪራዩ ዋጋ ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ልጅቷ በዚያ ቀን አሞኛል ብላ ከቤት መዋሏን የጻፉት ያለ ምሬት ነው፤ እኔ ግን ሳነበው ከብዶኛል።

መልስ 2

ሁለተኛው መላሽ በትሕትና አንድ ማስተካከያ አቀረቡ። በከተማ ሴት ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ አበባየሆሽ እያሉ ቤት ለቤት መዞሩን ለታናናሾቻቸው ይተዉታል፤ ወንዶቹ ግን ሆያ ሆዬውን እስከ 12ኛ ክፍልና ከዚያም በላይ ይቀጥሉበታል። ስለዚህ የሠፈሩ በዓል በዚህ ዕድሜ ለወንዶቹ እንደሚያደላ፣ ለሴቶቹ የሚቀራቸው የቤት ሥራው፣ ማለትም ሽንኩርት መላጡና ቡና ማፍላቱ እንደሆነ ገለጹ። የበዓል ዋዜማ ሌሊት እናቷን ስታግዝ ያደረች ልጅ በማግሥቱ እንደ ወንድሟ አደባባይ ለመውጣት አቅሙም ፈቃዱም እንደማይኖራት አክለዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከውይይቱ ክር ጠቃሚ ነጥቦች አንዱ ነው።

መልስ 3

የላሊበላ ተወላጅ የሆነች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መልስ 2ን ጠቅሳ፣ የአዲስ አበባን ልማድ የአገሩ ሁሉ ልማድ አድርጎ መያዝ እንደማይገባ ጻፈች። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ በሚከበረው በዓል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶች የበዓሉ ባለቤቶች ናቸው። ከበሮውን የሚመቱት፣ ግጥሙን የሚያወጡት፣ የአሸንድዬውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ከቤተ ክርስቲያን ተነስተው ሠፈሩን የሚያዳርሱት እነርሱ ናቸው። በዚያ በዓል ሹሩባ ለመሠራትና ቀሚስ ለማሰፋት ወጪ መኖሩን ግን አልሸሸገችም፤ ያልቻለችውን ልጅ የእኩዮቿ ቡድን ጌጥ አውሶ ይዟት እንደሚወጣ ግን አስረድታለች። ከመልስ 1 ጋር ሳስተያየው፣ አንዷ ልጅ በተዋሰችው ልብስ አፍራ ቤት ስትቀር ሌላዋ በተዋሰችው ጌጥ አደባባይ ትወጣለች። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመምህራን ሁሉ የሚተርፍ ጥያቄ ይመስለኛል።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው መላሽ ነገሩን ወደ ትምህርት ካሌንደሩ ወሰዱት። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ሲውሉ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና በዚያው ሰሞን ስለሚመጣ ልጆቹ በበዓልና በጥናት መካከል እንደሚጨነቁ ጻፉ። አምስተኛው መላሽ ሐሳቡን ተቀብለው ቀኑን ብቻ አረሙ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም።

መልስ 6

አንዲት ሙስሊም እናት የጻፉት መልስ ረጅም ነው፤ ከሁሉ በላይ የሠራብኝም እርሱ ነው። ልጃቸው በክፍሉ የገና ፓርቲ መዋጮውን በወቅቱ ይከፍላል፤ ጓደኞቹን ስለሚወድ ይገኛል፤ ነገር ግን ከሚቀርበው ሥጋ ስለማይበላ ለስላሳ መጠጥ ብቻ ይዞ ተቀምጦ ይመለሳል። ገንዘቡ አላሳዘናቸውም። ያሳዘናቸው፣ ምግቡን የሚመርጡት ልጆች ስለ እርሱ አንድም ቀን አለማሰባቸው ነው። በረመዳን ደግሞ ልጁ ጾሞ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ መሮጥ ሲያቅተው እንደ ሰነፍ መቆጠሩን ጠቅሰዋል። የዒድ ማግሥት ክፍሉ ውስጥ እንኳን አደረሰህ የሚለው ልጅ ብዙ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቱ በሰልፍ ሰዓት ስለ ገናና ስለ ፋሲካ የሚናገረውን ያህል ስለ ዒድ ሲናገር አልሰሙም።

መልስ 7

በዚህ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ የሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያልተጠበቀ ነገር ጨመረ። የገና ዋዜማ ፓርቲ የሚደረገው ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ስለሆነ፣ ከሙስሊሙ ልጅ ጎን ምንም ሳይበሉ የሚቀመጡት ጾመኛ ኦርቶዶክሳውያን ልጆች እንደሆኑ አመለከተ። ኬኩ እንቁላልና ቅቤ አለበት፤ ሳንድዊቹ ሥጋ አለበት። በገና ስም የተዘጋጀው ግብዣ ገናን በሥርዓቱ የሚያከብረውን ልጅ ጭምር ያገለለ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔ ያለው ቀላል ነው፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻና ቡና። ይህን የማይበላ ልጅ በክፍሉ ውስጥ እንደሌለ ጽፏል። በረመዳን ሰሞን ካልሆነ በስተቀር እኔም የማይስማማው ተማሪ አይታየኝም።

መልስ 8

እስከዚህ ድረስ ንግግሩ ለስላሳ ነበር። ስምንተኛው መላሽ በቅርቡ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ወጣት ነው፤ በመነሻው ጽሑፍ የቀለም ቀን ከገና ፓርቲ ጋር አብሮ መወቀሱ አስቆጥቶታል። የሃይማኖቱ በዓል የወላጆች፣ የአድዋው የመንግሥት፣ የባህሉ የርዕሰ መምህሩ እንደሆነና የቀለም ቀን ብቻ የተማሪው የራሱ እንደሆነ አጥብቆ ተከራከረ። በነጭ ቲሸርት ላይ የክፍል ጓደኞቹ በማርከር የጻፉለትን አሁንም በክብር እንዳስቀመጠው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ያላገኛቸው ልጆች የእጅ ጽሑፍ እዚያ ላይ እንዳለ ገለጸ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአብዛኛው ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚገባ፣ በገዛ ትምህርት ቤቱ አብሮ የሚሰናበትበት ሌላ ቀን እንደሌለው ማመልከቱ ደግሞ ክብደት ያለው ነጥብ ነው።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ዘጠነኛው መላሽ፣ አንድ አባት፣ በቁጣ መለሱለት። ለቲሸርት፣ ለቀለም፣ ለዲጄና ለፎቶ በየተራ ሲጠየቁ እንደነበር ዘርዝረው፣ የስንብት ፍቅር የሚለካው በዲጄ ጩኸት ከሆነ ፍቅሩ ይቅርብን አሉ። አሥረኛው መላሽ በተራው አባትየውን በልጆች ደስታ የሚቀና ብሎ ተናገራቸው፤ ወዲያውም እኛን መምህራንን ጨምሮ፣ ከመዋጮው ላይ ለክፍል ኃላፊው ስጦታ እንደሚገዛ እያወቃችሁ ስለ ድሃ ልጅ ማልቀሳችሁ ማስመሰል ነው የሚል ይዘት ያለው ክስ አቀረበ።

በአሥራ አንደኛው መልስ የገባሁት እኔ ነኝ። አባትን መዝለፍ በዚህ ገጽ እንደማይፈቀድ አሳሰብሁ። በስጦታው ጉዳይ ግን ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ተማሪ ከሚያዋጣው ገንዘብ ለመምህር ስጦታ መግዛት በየትኛውም ትምህርት ቤት መቅረት አለበት። ቲሸርቱን በሚመለከት፣ ከቤት የመጣ ማንኛውም አሮጌ ነጭ ሸሚዝ ለመፈራረም ይበቃል፤ ማርከሩን ትምህርት ቤቱ ያቅርብ ብያለሁ። ስምንተኛው መላሽ ይህን ተቀበለ፤ ዲጄውን በተመለከተ ግን አቋሙን አልለወጠም።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛዋ መላሽ የሠፈሩን በዓል ከልክ በላይ አሳምሬ እንዳቀረብሁት ጽፈዋል። በእርሳቸው አካባቢ የሆያ ሆዬ ቡድኖች ይህ በር የኛ ነው፣ ያ በር የናንተ ነው እየተባባሉ ይጣላሉ፤ በጅራፉም አንዱ ሌላውን ያቆስላል፤ የተሰበሰበው ብር ሲካፈል ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይበድላሉ። ሙልሙል ለሚሰጣቸው ፊት ነስተው ብር የሚጠይቁ መኖራቸውንም አልረሱም።

አሥራ ሦስተኛው መላሽ ይህን ሳይክዱ የራሳቸውን ሠፈር ልማድ ነገሩን። እዚያ ገንዘቡን የሚይዙት የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ በየማታው የተገኘው በልጆቹ ፊት ተቆጥሮ ይጻፋል። ከፊሉ በእኩል ይከፋፈላል፤ ከፊሉ ደግሞ መስከረም ላይ ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛበታል። ትምህርት ሲከፈት ደብተር የሌለው ልጅ የሚሰጠው ከራሱ ጭፈራ ከተገኘው ስለሆነ አንገቱን አይደፋም። በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኋቸው ሁሉ ልቤን የሞላው ይህ ነው፤ በዓልን ከትምህርት ጋር ለማገናኘት ሌላ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም።

መልስ 14 እና 15

እነዚህ ሁለቱ ወደ ዶሮና ቅቤ ዋጋ ሄዱ። ዋጋው ለቤተሰቡም ለተማሪውም እንደሚከብድ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ጉዳዩ የራሱ ክር ስላለው ወደዚያ እንዲሸጋገሩ ጠይቄ አልፌያለሁ።

መልስ 16 እና 17

በእስራኤል የሚኖሩ አንዲት እናት የቤተ እስራኤልን የስግድ በዓል አነሱ። በዓሉ የአይሁድ የማስተሰረያ ቀን ከሆነው ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳሉ፤ ቄሶቹ በባለቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪት ሲያነቡ ቆመው ይሰማሉ። ልጆቹ ጸሎቱን ከሚሰሙ ይልቅ ከሌላ ከተማ የመጡ ዘመዶቻቸውን ፈልገው እንደሚያወሩ እናትየው ጽፈዋል፤ ይህ ግን አላስከፋቸውም፤ ልጆቹ በየዓመቱ ለመምጣት የሚጓጉት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ያውቃሉ።

ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፉ አባት ደግሞ፣ ገና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ሲውል የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከእረፍት ተመልሶ ስለሚሆን፣ ልጃቸው ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ ጠዋት ክፍል እንደሚገባ ነገሩን። እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ስለሚውል፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ የሽብር ጥቃቱ ሰለባዎች በሚታሰቡበት ዕለት አዲስ ዓመት ነው ብሎ ለጓደኞቹ ለመናገር ይከብደዋል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ሐበሾቹ ተሰብስበው ሲያከብሩ ብቻ ነጭ ልብሱን ለብሶ ዘና ይላል።

መልስ 18፣ 19 እና 20

የአድዋ ነገር ሲነሣ ክሩ እንደገና ሞቀ። አሥራ ስምንተኛው መላሽ፣ የካቲት 23 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤቶች ዝግጅታቸውን በዋዜማው እንደሚያደርጉ፣ ተማሪዎቹ ጎፈር ደፍተው፣ የካርቶን ጋሻ ይዘው ሲያቅራሩ ማየት ኩራት እንደሆነ ጻፉ። አሥራ ዘጠነኛው ጠንከር ባለ ቃል ተቃወሙ። ጎፈር የደፋውን ልጅ ጦርነቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተደረገ ቢጠይቁት 1888 ብሎ ለመመለስ እንደሚቸገር፣ ዝግጅቱ ለፎቶ ብቻ እንደሆነ፣ ኃላፊነቱም የታሪክ መምህራን እንደሆነ ተናገሩ።

ሃያኛዋ መላሽ የታሪክ መምህርት ናቸው። ሳይቆጡ፣ ነገር ግን ሳያለዝቡ መለሱ። ልጁ ልብሱን ለመልበስ ሲል የራስ አሉላንና የእቴጌ ጣይቱን ድርሻ የሚያጠናው ኃላፊነት ሲሰጠው ነው፤ ሰልፍ ላይ ብቻ እንዲቆም የተደረገ ልጅ ግን ምንም አይዝም። ለዚህም የሚያደርጉትን አካፈሉ። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ትምህርት የማይዘጋበት ስለሆነ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ያነባሉ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩበት ሰዓት ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ ቀድመው የሠፈር አረጋውያንን ጠይቀው የሰሙትን ይጨምራሉ። ከዚያ እስከ የካቲት 22 ባለው ጊዜ የአድዋውን ይቀጥላሉ፤ ሚያዝያ 27 ለአርበኞች ቀንም እንዲሁ። ወጪው ለማይክሮፎኑ ባትሪ ብቻ ነው። ግቢው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ማየታቸውን የጻፉት ቅሬታ ላቀረቡት ሰው ምላሽ ይሆን ዘንድ ነው፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ አልተመለሱበትም።

መልስ 21

የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ፣ ክፍላቸው የመዋጮውን ደብተር እንዴት እንዳስቀረ አስረዳች። የጠመኔ ካርቶን ላይ ቀዳዳ አውጥተው ሳጥን ሠሩ፤ ሁሉም ባዶ ወረቀት እየተሰጠው አጣጥፎ ከተተ፤ ያለው ብር ጠቅልሎበት፣ የሌለው ባዶውን። ከዚያው የጠመኔ ካርቶን ደግሞ ለስጦታ መለዋወጫው የስም ዕጣ ወጣ፤ ስጦታው በእጅ የተሠራ ወይም የተጻፈ እንዲሆን ተስማሙ። የተገኘው ገንዘብ ቢያንስም ቡናውን፣ ፈንዲሻውንና ዳቦውን ቻለ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 የዋሉበትን ሰሞን ታላቅ እህቷ እንደነገረቻት ጠቅሳ፣ ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ ምግቡን ትተው ከሁለቱም በዓላት በኋላ አንድ የእንኳን አደረሳችሁ ቀን ማድረግ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርባለች። ስድስተኛዋ መላሽ፣ ሙስሊሟ እናት፣ ወዲያው አመስግነዋታል።

መልስ 22፣ 23 እና 24

ሃያ ሁለተኛው መላሽ፣ የስፖርት መምህር፣ ወጪ የሌለው በዓል ከተፈለገ የገና ጨዋታ በትምህርት ቤት ሜዳ ለምን አይመለስም ብለው ጠየቁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለለት ጨዋታ፣ ትልቅና ትንሹን፣ ሀብታምና ድሃውን በአንድ ሜዳ የሚያሰልፍ መሆኑን አስታወሱ። ሃያ ሦስተኛዋ ሴት ልጆችም ቡድን ይኑራቸው ሲሉ አሳሰቡ፤ በመልስ 2 የተነሣውን የሴቶቹን ጉዳይ ማንም መልሶ እንዳላነሣውም በትክክል አስታወሱን።

ሃያ አራተኛው መላሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከሠፈር ዛፍ ተመርጦ እንደሚቆረጥ፣ ሩሯ፣ ማለትም የጨዋታው ኳስ፣ ከእንጨት ወይም ከቆዳ እንደምትሠራ፣ ጀማሪ ተማሪዎች ግን አናት እንዳይመቱ ዱላውን ከጉልበት በላይ እንዳያነሱ ደንብ ማውጣት እንደሚበጅ ጽፏል። የእንጨቷ ሩር አጥንት ስለምትሰብር ለትምህርት ቤት የቆዳዋ ትሻላለች ብሏል። የስፖርት መምህሩ የቆዳዋን ሩር አሠራር በዝርዝር እንዲልክለት ጠይቀውታል። እኔም የሴትና የወንድ ቡድን የሚመዘግቡ ሁለት ተማሪዎች ከክፍሌ መርጫለሁ፤ ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው፤ ጨዋታው የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክቻለሁ።